ሦስተኛው ጥቁር ቦሎቄ

የቅድስት ቬሮኒካ ሚሲዮን፣ ናታል
ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1982

የተከበሩ ብራዘር ዌንደሊን፣

የጌታችን ሰላም ከእርስዎ ጋር ይሁን። ጉልበትዎ እንዴት ነው? እዚህ ሁላችንም ደኅና ነን፤ ዝናቡ ብቻ ከገና ወዲህ ጨክኖብናል፣ በቆሎው እንደቆመ ደርቋል። የገና ካርድዎ ከደረሰኝ አንድ ወር አልፎታል። መልሱን ያዘገየሁት ረስቼ አይደለም፣ ከየት እንደምጀምር ቸግሮኝ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

የጠየቁኝን ልመልስ። የብራዘር ጌብሃርድ መቃብር ላይ ድንጋይ አቁመናል። የበቅሎዎቹ ጋጣ ዛሬ ክሊኒክ ሆኗል፤ ነርሷ ግን ዝናብ ሲጥል አሁንም በቅሎ በቅሎ ይሸታል ትላለች። ሽማግሌዎቹ "ቱምቢ በሕይወት አለ ወይ?" እያሉ ይጠይቁኛል። ያችን የግንበኛ ቱምቢ ከኪስዎ ለይተዋት ስለማያውቁ ያወጡልዎት ስም እስከ መጨረሻው አይለቅዎትም።

አዎን፣ የሰሙት እውነት ነው። ታሪኩን እንድጽፍ የታዘዝኩት እኔ ነኝ። በሚመጣው ዓመት ማኅበራችን ደቡብ አፍሪካ ከገባ መቶ ዓመት ይሞላዋል። ጉባኤው መጽሐፍ ይውጣ ብሎ ወሰነ፤ አንዱ አባት "ጥቁር ቄስ ቢጽፈው ያምራል" አለ፣ ሁሉም ሳቀ፣ ሥራው እኔ ላይ ወደቀ። ካለፈው ኦክቶበር ጀምሮ የአሮጌ መዝገብ አቧራ ስውጥ ከርሜአለሁ።

አንድ ነገር ግን ግራ አጋባኝ። በሚሲዮናችን የዕለት መዝገብ ላይ የ1949 ሜይ ወር የለም። አራት ቅጠል በምላጭ ተቆርጧል፤ እንዲህ በጥንቃቄ የተቆረጠ ወረቀት አይቼ አላውቅም። ከዚያ በኋላ የብራዘር አልባን ምቹኑ ስም የትም አይነሳም። ከሞቱት ጋር የለም፣ ከተሰናበቱትም ጋር የለም። አልባን የአባቴ ታናሽ ወንድም እንደሆነ ያውቃሉ። ማኅበሩ በመነኩሴነት የተቀበለው የመጀመሪያው ጥቁር ብራዘር ነበር፤ ከእርስዎ ጋር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ግንብ ገንብቷል። ያኔ በዚያ ቤት ከነበሩት ዛሬ በሕይወት ያሉት እርስዎ ብቻ ነዎት። የሚያስታውሱትን ቢጽፉልኝ?

ልጅዎ፣
አባ ሲፕሪያን ምቹኑ


የቅዱስ ዮሴፍ የአረጋውያን ቤት፣ ሽቫበን፣ ጀርመን
ማርች 14 ቀን 1982

ክቡር አባ ሲፕሪያን፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ። ጉልበቴ ደረጃ አልወጣም ብሎ አምጿል እንጂ እኔስ ደኅና ነኝ። እዚህ አሥራ አንድ ሽማግሌዎች ነን። ምሳ ላይ ድንች አቀብሉኝ ስል ሳላስበው በዙሉኛ ይወጣኛል፤ ይስቁብኛል።

ለመጽሐፍዎ ከጠቀመ፣ ትልቁ በረዶ የወረደው በ1933 ኖቬምበር፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። አርባ ሁለት መስኮት ሰበረ። አንበጣው ከእሱ በፊት ነው። ለቤተ ክርስቲያኑ የገባው ጡብ ሁለት መቶ ስምንት ሺህ ነው፤ ሁለት መቶ ሺህ ብለው እንዳያጠጋጉት። ጭቃው ከወንዙ ማዶ የመጣ ነው፣ ከወዲህ ያለው ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የመጀመሪያዎቹ አባቶች ከወደቡ እስከ ሚሲዮኑ በበሬ ጋሪ ሃያ ሦስት ቀን እንደፈጀባቸው ብራዘር ኦትማር ነግሮኛል። አሥራ ስምንት የሚል ካገኙ ስህተት ነው።

ስለ ብራዘር አልባን፣ ጎበዝ ሠራተኛ ነበር። በ1949 ከማኅበሩ ተለየ። ከዚህ በላይ የማስታውሰው የለኝም። ዕድሜ ነው።

እግዚአብሔር ሥራዎን ይባርክ።

ብራዘር ዌንደሊን


የቅድስት ቬሮኒካ ሚሲዮን
ኤፕሪል 20 ቀን 1982

የተከበሩ ብራዘር ዌንደሊን፣

እንደምን ሰነበቱ? እኛ ደኅና ነን። ዝናቡም በስተመጨረሻ መጣ፣ ለበቆሎው ባይደርስለትም።

እባክዎ አንቱ አይበሉኝ። ከኖራ ጉድጓድ ውስጥ በጆሮዬ ጎትተው ያወጡኝ እርስዎ ነዎት። ቄስ ሆንኩ ብዬ ያ ጆሮ አልተቀየረም።

ስለ ጡቡ አመሰግናለሁ። ግን አይቆጡኝና፣ የተሰበረ መስኮት ቁጥር ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚያስታውስ ሰው አጎቴን በአንድ መስመር ሲጨርሰው ማመን አቃተኝ።

ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አክስቴ ፊሎሜና ቢሮዬ መጣች። የአልባን ታናሽ እህት ናት። ስድሳ ሰባት ዓመቷ ነው፣ አሁንም ወንበር ስሰጣት አትቀመጥም።

"መጽሐፍ እየጻፍክ ነው አሉ" አለችኝ።

"አዎ አክስቴ።"

"ወንድሜ አለበት?"

"እየፈለግኩት ነው።"

"ሠላሳ ሦስት ዓመት በእግሬ ፈልጌ ያጣሁትን አንተ ቁጭ ብለህ ከወረቀት ውስጥ ልታወጣው? እስቲ ይሁንልህ።" ቀጠለች፤ "ሴት ተከትሎ ሄደ ብለው ያኔ ሕዝብ ፊት ሲናገሩ እኔ አላመንኩም። ዛሬም አላምንም። አሁን እሱን አይደለም የምጠይቅህ። ሞቶ ከሆነ ንገሩኝ፤ ፀጉሬን አልተላጨሁለትም፣ በሬ አልታረደለትም። ካለም ሰባ ሞልቶታል፣ ጥርስ የለውም፣ ገንፎ የሚያበላው ሰው ይፈልጋል። ይኸው ነው። አንተ ያን ሁሉ ዓመት ተምረህ ከሁለቱ አንዷን ማወቅ ያቅትሃል?"

እስከ በሩ ሸኘኋት።

ላልጠየቁኝ ነገር ልመልስልዎ። እሷ የማታውቀው አንድ ነገር አለ። በ1950 ሴሚናሪ ገብቼ ቅስና እየተማርኩ ነበር፣ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ዘበኛው መጥቶ "አጎትህ በር ላይ ቆሟል" አለኝ። ስለ እሱ የተወራውን ሰምቼ አፍሬበት ነበር፤ አለቆቼ ከእሱ ጋር ቢያዩኝ ያባርሩኛል ብዬ ፈራሁ። "ትምህርት ላይ ነው በለው" አልኩት። ከዚያ በመስኮት አየሁት። እጅጌው ጣቶቹን የሸፈነ ሰፊ ጥቁር ኮት ለብሷል። ፀሐዩ ላይ ብዙ ቆየ፣ ከዚያ ሄደ። ስንቱን አናዝዣለሁ፤ ይቺን ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ስለዚህ የምጠይቅዎ ልፈርድብዎ አይደለም።

እውነቱን ይጻፉልኝ። አጎቴ ለምን ሄደ? አሁንስ የት ነው?

ልጅዎ ሲፕሪያን


ሽቫበን
ሜይ 30 ቀን 1982

ውድ ልጄ ሲፕሪያን፣

እንግዲህ ፈቅደህልኛልና አንተ ልበልህ። ሦስት መልስ ጽፌ ሦስቱንም ቀደድኩ። ይህን አራተኛውን ሳላነበው ነው ፖስታ ውስጥ የምከተው።

አይደለም፣ ሴት አልነበረም። የሴቷን ወሬ የፈጠረው አለቃችን አባ አምብሮስ ነው። ለሕዝቡ ሌላ ምን ይባል ብሎ ነው።

እኛ ጀርመኖቹ ብራዘሮች ሦስት ሦስት ዓመት ቆይተን የዘለዓለም መሐላችንን ገባን። አልባን ግን የአንድ ዓመት መሐላ ብቻ እያሳደሰ አሥራ አንድ ዓመት ቆየ። በጠየቀ ቁጥር "ለሚመጣው ዓመት" ይባላል። በ1949 ሜይ እንደገና ጠየቀ። አዲሱ መንግሥት ነጭና ጥቁሩን በሕግ መለየት የጀመረበት ወቅት ነው። አባ አምብሮስ የቤቱን ምክር ቤት ሰበሰበ። አምስት ነበርን፤ እሱ፣ አባ ሉኪየስ፣ ብራዘር ጌብሃርድ፣ ብራዘር ኦትማር፣ እኔ። "ይህን ሰው ለዘለዓለም ከተቀበልነው ቤቱን ይዘጉብናል፣ እኛንም መርከብ ላይ ጭነው ይመልሱናል" አለ። በጦርነቱ ጊዜ ጠላት ተብለን ታስረን የወጣን ሰዎች ነን፤ ፍርሃቱ ገና አልለቀቀንም።

ድምፅ የሚሰጠው በቦሎቄ ነበር። ነጩ ይቀበሉት ማለት ነው፣ ጥቁሩ ይሂድ። ሳጥኑ ሲከፈት ሦስት ጥቁር ሁለት ነጭ ወጣ።

ሲነገረው አጠገቡ ነበርኩ። ልብሰ ተክህኖ የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ነው።

"ጥፋቴ ምንድን ነው?" አለ አልባን።

"ጥፋት የለብህም" አለው አባ አምብሮስ።

"ጥፋት ቢኖርብኝ አርሜ እመለስ ነበር። ከሌለብኝ ምኔን አርሜ ልመለስ?"

የማኅበሩን ቀሚስ አወለቀ፣ በሥርዓት አጠፈ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። እኛ የሞተ ገበሬ ኮት ነበር ያዘጋጀንለት። በጣም ሰፋው። በመስኮት ያየኸው ያን ኮት ነው።

መዝገቡን የቆረጠው አባ አምብሮስ ነው። ምላጩን ያቀበልኩት እኔ ነኝ።

የቀረውን ጥያቄህን ዛሬ አልችልም። ዓይኔም ደክሟል። ይቅርታ አድርግልኝ።

ዌንደሊን


የቅድስት ቬሮኒካ ሚሲዮን
ጁን 24 ቀን 1982

ብራዘር ዌንደሊን፣

ጤንነቴን ባይጠይቁኝም ልንገርዎ። ደኅና አይደለሁም።

ሞቷል ወይስ አለ? ይህን ለመመለስ አንድ ቃል ይበቃል፣ ለአንድ ቃል ደግሞ ዓይንዎ አይደክምም። አክስቴ በየእሁዱ ትመጣለች። አሁን መጠየቁን ትታለች፤ ፊቴን አይታ ብቻ ትሄዳለች።

ሌላም አለ። አባ አምብሮስና ከእሳቸው ቃል ወጥተው የማያውቁት አባ ሉኪየስ ምን እንደጣሉ ማንም ይገምታል። ብራዘር ጌብሃርድ ሊሞት ሲል አጠገቡ ነበርኩ፣ "እኔ ነጭ ነው የጣልኩት፣ እኔ ነጭ ነው የጣልኩት" እያለ ይደጋግም ነበር። ትኩሳቱ የሚያስለፈልፈው መስሎኝ እጁን ይዤ "አዎ፣ አዎ" አልኩት። ዛሬ ገባኝ። እንግዲህ የቀራችሁት ሁለት ናችሁ፣ እርስዎና ብራዘር ኦትማር። ኦትማር ደግሞ ለአልባን ጫማ ሲሰፋለት የኖረ ሰው ነው።

ሦስተኛው ማን ነው?

ሲፕሪያን


ሽቫበን
ጁላይ 18 ቀን 1982

ልጄ፣

ሞቷል። በ1953 ኦገስት 22 ቀን፣ ደርባን፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ በሳንባ በሽታ። ይህን ቃል ከሃያ ዘጠኝ ዓመት በፊት ለእህቱ ልነግራት ይገባኝ ነበር።

እንዴት እንዳወቅኩ ትጠይቀኛለህ። ሆስፒታሉ ደብዳቤ ላከ፣ የተላከውም ለእኔ ነው። ሲያስተኙት "የቅርብ ዘመድ" በሚለው ቦታ ላይ ያስጻፈው የእኔን ስም ነበር። ሕመሙ ጸንቷል፣ ሊያይዎት ይፈልጋል ይላል። ያን ጊዜ የትምህርት ቤቱን ጣራ እያለበስን ነበር። ጣራው ይለቅና እሄዳለሁ አልኩ። ጣራው መጠበቅ ይችል ነበር፤ ዝናብ የሌለበት ወር ነው፣ ደመናም አልነበረም። እውነቱ ፊቱን ማየት ፈርቼ ነው። በአሥረኛው ቀን ስደርስ ከተቀበረ ሦስት ቀን ሆኖታል። ነርሷ አልጋውን አሳየችኝ፤ ክፍል ስድስት፣ በመስኮቱ በኩል መጨረሻ ያለው ነው። ሌላ ሰው ተኝቶበት ነበር። ስመለስ ለቤተሰቡ አልተናገርኩም። ብናገር "ለምን አንተን ጠራ? ለምን ቶሎ አልሄድክም?" ይሉኛል። ዛሬ ነገ ስል ዓመት አለፈ፣ ዓመት ካለፈ በኋላ ደግሞ መናገሩ ከመጀመሪያው የባሰ ከበደኝ።

ሦስተኛው እኔ ነኝ።

ባለፈው መንግሥትን የፈራሁ እንዲመስልህ አድርጌ ጻፍኩልህ። ያም ውሸት ነው። ከዚያ በፊት በፋሲካው ጳጳሱ መጡ። ከመንበሩ በላይ ያለውን ቅስት ቀና ብለው ሲያዩ ቆዩና "ይህን የሠራ ማን ነው?" አሉ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። የሠራው አልባን ነው፤ እኔ ያኔ ጀርባዬን ታምሜ ተኝቼ ነበር፣ ከልኬት እስከ መጨረሻው ጡብ ብቻውን ነው የጨረሰው። እኔ ዝም አልኩ። እሱ "ብራዘር ዌንደሊን አስተምሮኝ ነው" አለ። ጳጳሱም ሳቁና "እንግዲያው ተማሪው መምህሩን በልጧል። የወንዙን ማዶ ቤተ ክርስቲያን አንተ ታሠራለህ፣ ዌንደሊን ይረዳሃል" አሉት።

ይረዳሃል! ውሃ ልክ አያያዝ ያስተማርኩት ሰው ሥር። ይቺ ቃል አምስት ሳምንት አላስተኛችኝም። ሳጥኑ እኔ ዘንድ ሲደርስ ስለ ሕጉም ስለ ቤቱም አላሰብኩም። ጥቁሩ ቦሎቄ አስቀድሞ ጣቶቼ መሃል ነበር።

የወንዙን ማዶ ቤተ ክርስቲያን እኔ ሠራሁት። ታውቀዋለህ። ቅስት የለውም።

አሁን ሁሉንም ታውቃለህ። ለፊሎሜና የምትነግራትን አንተ ምረጥ።

ዌንደሊን


የቅድስት ቬሮኒካ ሚሲዮን
ኦክቶበር 3 ቀን 1982

ብራዘር ዌንደሊን፣

ከጁላይ መጨረሻ ጀምሮ ዝም ማለቴ ለቅጣት አይደለም። መጀመሪያ መጻፍ አልቻልኩም፣ ከዚያ ደግሞ ብዙ ነገር ሆነ።

እጠላዎት እንደሆነ፣ አላውቅም። አንድ ቀን ብድግ ብዬ ከቅስቱ ሥር ሄጄ ቆሜ ልጠላዎት ሞከርኩ። ትዝ ያለኝ ግን በመስኮት ያየሁት ሰው ነው።

ለአክስቴ ነገርኳት። ቤቷ ሄጄ፣ በር ላይ ጎመን ስትቀጥፍ አገኘኋት። እርስዎ እንደጻፉልኝ ብዬ መሞቱን፣ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ጥፋት ሳይኖርበት በድምፅ ብልጫ እንዳስወጡት ሁሉ ነገርኳት። ቢላዋውን አስቀመጠች።

"ኦገስት አልክ? በ1953?"

"አዎ አክስቴ።"

"ያን የብርድ ወር ለእሱ ሹራብ እየሠራሁ ነበር" አለችና ጎመኑን መልሳ አነሳች። በማግስቱ ፀጉሯን ተላጭታ ቅዳሴ መጣች። ሴቶቹ ሁሉ ምንም ሳይጠይቁ ዙሪያዋን ከበው ተቀመጡ።

የቦሎቄውን ነገር፣ ማን እንደጣለው፣ አልነገርኳትም። ሆስፒታሉ ለእርስዎ መጻፉንም አልነገርኳትም። አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ስለ ሴሚናሪው በር ግን ነግሬአታለሁ። ለረጅም ጊዜ አየችኝና "ልጅ ነበርክ" አለች። ይህን ስትል ከመቆጣቷ ይበልጥ ጎዳኝ።

የመጽሐፉ ነገር ደግሞ ይኸው። የ1949ን ምዕራፍ ጻፍኩት፤ የእርስዎን ስም ሳልጠቅስ፣ ሦስት ጥቁር ሁለት ነጭ ብዬ። አሁን ማኅበራችንን በዚህ አገር የሚመሩት አባ ራይሙንድ ጠሩኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሻይ ቀዱልኝ።

"ሲፕሪያን፣ ይህ እውነት ነው፣ አልክድም" አሉኝ። "ግን የመቶ ዓመት በዓል ነው። እንግዶች ይመጣሉ። ሰው በልደት ቀኑ እንዲህ ያለ ነገር አይነበብበትም።"

"በቀብሩ ቀን ይነበብለት እንዳልል አባቴ፣ ቀብሩንም አላየንም" አልኳቸው።

ሻያቸውን አማሰሉ። ምዕራፉ ወጥቷል። የቀረው አንድ መስመር ነው፤ "ብራዘር አልባን ምቹኑ በ1949 ከማኅበሩ ተለየ።" የእርስዎው ዓረፍተ ነገር ነው፣ ከመጀመሪያ ደብዳቤዎ ቃል በቃል። እኔ ስሜን ከሽፋኑ ላይ አንሱልኝ ብያለሁ፣ አንስተውታል።

አክስቴ አሁን የያዘችው ሌላ ሐሳብ ነው። አልባን የሞተበት ቦታ ሄደን፣ በቁርቁራ ቅርንጫፍ መንፈሱን ይዘን ወደ ቤቱ እንድንመልሰው ትፈልጋለች። ሚሲዮናውያን አባቶቻችሁ ይህን ከልክለው እንደነበር ያስታውሳሉ፤ እኔም ራሴ ወጣት ቄስ ሳለሁ ከስብከቱ ቦታ ላይ ቆሜ አውግዤዋለሁ። ቅርንጫፉን የሚይዘው የቤቱ ወንድ ነው። የቀረሁት ወንድ እኔ ነኝ። እሺ አልኳት።

ሲፕሪያን


ሽቫበን
ኖቬምበር 21 ቀን 1982

ልጄ ሲፕሪያን፣

ይህን የምትጽፍልህ ማሪያ የምትባል ረዳታችን ናት፣ እኔ እየነገርኳት። ዓይኔ አሁን በእርግጥ ደክሟል፣ ያኔ ያመካኘሁበት ነገር እውነት ሆነ።

ቅርንጫፉን እንደምትይዝ ጽፈህልኛል። ከሃምሳ ዓመት በፊት ብትነግረኝ አጉል እምነት ነው ብዬ እቆጣህ ነበር። አሁን የምለው አንድ ነው፤ ሰው ሲጠራ በአሥረኛው ቀን አይሄድም። ሂድ።

ቅርንጫፉን የያዘ ሰው ከሕያዋን ጋር እንደማይነጋገር፣ ከሟቹ ጋር ብቻ እንደሚያወራ አውቃለሁ። እንግዲያው አንድ ነገር አድርግልኝ። ሦስተኛው ቦሎቄ የእኔ እንደነበረ ንገረው። ይቅርታ ጠይቅልኝ አልልህም፣ ያን በሰው አፍ አልልክም። ሳያውቀው ስሜን እንደ ዘመድ አስጻፈ፤ ማንን እንደጠራ ይወቅ። ያ ብቻ ነው የሚከነክነኝ።

አክስትህ ከሰማች ትስማ።

ዌንደሊን


የቅድስት ቬሮኒካ ሚሲዮን
ጃንዋሪ 16 ቀን 1983

የተከበሩ ብራዘር ዌንደሊን፣

የጌታችን ሰላም ከእርስዎ ጋር ይሁን። ይህን ደብዳቤ የምታነብልዎት ማሪያ ቀስ ብላ ታንብብ።

ባለፈው ማክሰኞ ደርባን ሄድን። ሆስፒታሉ በር ላይ ያገኘናት ነርስ ቅርንጫፉን እንዳየች ገባት።

"ዘመድ ልትወስዱ ነው? መቼ ነው ያረፈው?"

"በ1953" አለች አክስቴ።

"በ1953! እናቴ፣ እኔ እኮ ያኔ አልተወለድኩም! እስከ ዛሬ ምን ስትሠሩ ነበር?"

"አድራሻውን የያዘው ሰው ሩቅ አገር ነበር" አለቻት አክስቴ።

ክፍል ስድስት ዛሬ የሕፃናት ክፍል ሆኗል። በመስኮቱ በኩል ባለው የመጨረሻ አልጋ ላይ አንዲት ትንሽ ልጅ ተኝታለች፣ እናቷ አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ሴትየዋ ምንም ሳትጠይቅ እግሯን ሰብስባ ቦታ ለቀቀችልን። አክስቴ ቅርንጫፉን አልጋው ጠርዝ ላይ አስነካችና፣ "አልባን፣ የምቹኑ ልጅ፣ እኔ ነኝ፣ ፊሎሜና። ዘግይተናል። ይኸው ሲፕሪያንም መጥቷል፣ አሁን ትምህርት ላይ አይደለም። ተነስ፣ ቤትህ እንሂድ" አለችው። ከዚያ ቅርንጫፉን ለእኔ ሰጠችኝ። ከዚህ በኋላ ለሰው መናገር አልችልም።

አውቶቡስ ውስጥ ለእሱ የራሱን ወንበር ያዘችለት። አንድ ወፍራም ሰውዬ መጥቶ "ባዶ ነው እኮ!" አላት።

"ሰው አለበት።"

"የታል ሰውዬው?"

"ከኋላ ቀርቶ የከረመ ሰው ነው፣ አሁን ገና መቀመጡ ነው። አታስነሳብኝ።"

ሰውዬው ቅርንጫፉን አየ፣ የቅስና ነጭ ኮሌታዬን አየ፣ ባርኔጣውን አውልቆ እስከ መጨረሻው ቆሞ ሄደ። አክስቴ መንገዱን ሙሉ ለአልባን አወራችለት። ይሄ አዲስ ድልድይ ነው፣ ይሄ ስኳር ፋብሪካው ነው፣ እዚህ ጋ ወንዝ እንሻገራለን፣ አትደንግጥ፤ እያለች።

ኮረብታውን መውጣት ስንጀምር መልእክትዎን ነገርኩት። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነበር፣ ግን አክስቴ ከጎኔ ናት። "አጎቴ፣ ቦሎቄውን የጣለው ብራዘር ዌንደሊን ነው። ሦስተኛው ጥቁር የእሱ ነበር። የቅርብ ዘመዴ ብለህ ስሙን አስጽፈህ ሆስፒታሉ ሲጽፍለትም ፈርቶ ዘገየ። እንድታውቅ ብሎ ልኮኛል" አልኩ። አክስቴ ወሬዋን አቆመች። ከዚያ በኋላ ቤት እስክንደርስ አንድ ቃል አልተነፈሰችም፣ ለአልባንም እንኳ። በሚሲዮኑ በር በኩል ስናልፍም ቀና አላለችም።

ቅርንጫፉን ከአባቴ መቃብር አጠገብ አኖርነው። በሬው ታረደ። እኔም መናገር ስችል በመጀመሪያ ያልኳት "አክስቴ፣ ይቅርታ፣ ከአንቺ ደብቄ ነበር" ነው። አክስቴ በእጇ ዝም አሰኘችኝ።

"የሄደ ቀን በእኔ ቤት በኩል ነው ያለፈው" አለች። "ያ ሰፊ ኮት ላዩ ላይ ነበር። ውሃ ሰጠሁት፣ ቆሞ ጠጣ። የት ትሄዳለህ አልኩት፣ ሥራ ፍለጋ አለኝ። ከዚያ መንገድ ሲጀምር ተመለሰና እንዲህ አለኝ፣ 'ፊሎ፣ ቱምቢ ዛሬ ዓይኔን ማየት አቃተው። ገብቶኛል። ሲያገኝሽ ሰላም በይው፣ እንዳትጠይው። ከእኔ ይልቅ የሚከብደው እሱን ነው፣ ብቻውን ነው የቀረው።' እኔ ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም። ገብቶኝ ቢሆን ኖሮ ሰላም አልለውም ነበር። ባይገባኝም ቃሉን ጠበቅኩ። አገሩ እስኪመለስ ድረስ ሃያ ሁለት ዓመት በየእሁዱ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሰላም እለዋለሁ፣ እሱ ባርኔጣውን ዓይኑ ላይ አውርዶ ይሮጣል። ኩሩ ሰው ነው እል ነበር።"

ሥጋው ሲቀቀል ጭሱ ወደ እኛ እየመጣ ነበር። ፊቷን በሻርፗ ጠረገች።

"ጻፍለት" አለችኝ። "አልባን ያውቅ ነበር በለው። አውቆ ነው የእሱን ስም ያስጻፈው።"

ከዚህ ሌላ አላለችም። እኔም አልጨምርበትም።

ልጅዎ፣
ሲፕሪያን